የቺፕ ቴስት ዴቨሎፕመንት ኢንተርንሺፕ ለማግኘት ምን ያስፈልጋል? ደረጃ በደረጃ

አሜሪካ ውስጥ ኤሌክትሪካል ወይም ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ልጆቻችን ስለ ቺፕ ሥራ ሲያስቡ ቶሎ የሚመጣላቸው ዲዛይን ነው። ዲዛይን ግሩም ሙያ ነው። ግን ብዙ ቦታ ማስተርስ ይጠይቃል። ከዚያው ጎን ቴስት ዴቨሎፕመንት የሚባል ክፍል አለ፤ የተመረተው ቺፕ በትክክል መሥራቱ የሚፈተሽበትን መንገድ የሚያዘጋጅ ነው። የባችለር ተማሪ ይቀበላል። ሰርኪዩትን፣ ፕሮግራምንና ስታቲስቲክስን በአንድ ሥራ ያገናኛል። ስሙን ስለማያውቁት ብቻ ማስታወቂያውን አይተው የሚያልፉ ብዙ ተማሪዎች አሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ከወዲሁ አንድ ነገር ልናገር። እዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው የመለካት ልምድ ነው። የለካችሁትን ቁጥር ደግሞ ቶሎ አለማመን። «ችግሩ ቺፑ ነው ወይስ መለኪያዬ?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ተማሪ ከብዙዎች ይቀድማል። ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ሁሉ ወደዚህ የሚያመራ ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እወቁት

አንድ ቺፕ ስልክ ወይም መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይፈተሻል። አንደኛው ገና ዌፈሩ (ብዙ ቺፖች አብረው የሚሠሩበት ክብ የሲሊከን ሳህን) ላይ ሳለ ነው። ፕሮበር የሚባለው ማሽን ዌፈሩን ከፍ አድርጎ ከፕሮብ ካርዱ ቀጫጭን መርፌዎች ጋር ያገናኘዋል። ሁለተኛው ቺፑ ተቆርጦ ከታሸገ በኋላ ነው። ያኔ ሃንድለር የሚባል ማሽን ቺፑን አንስቶ ሶኬት ውስጥ ያስገባዋል። ሶኬቱ የተተከለበት ሰርኪዩት ቦርድ ሎድ ቦርድ ይባላል። ከሁለቱም ጀርባ ቴስተሩ አለ። ቮልቴጅና ከረንት የሚሰጠው፣ የሚለካውና «አለፈ፣ ወደቀ» የሚለው እሱ ነው።

ቴስተር ከሚሠሩት መካከል ትልልቆቹ ቴራዳይንና አድቫንቴስት ናቸው። ቴራዳይን እ.ኤ.አ. በ1960 ቦስተን ውስጥ ተመሠረተ። ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኖርዝ ሪዲንግ፣ ማሳቹሴትስ ነው። አድቫንቴስት የጃፓን ድርጅት ነው። ማሽኑ ግን ምን መለካት እንዳለበት በራሱ አያውቅም። የቴስት ዴቨሎፕመንት ኢንጂነሩ ዳታሺቱን፣ ማለትም የቺፑን ባሕርይና ገደቦች የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ ያነባል። የፍተሻ ዕቅድ ያወጣል። ሎድ ቦርዱ እንዴት እንደሚሠራ ይወስናል። ፕሮግራሙን ይጽፋል። በመጨረሻም ውጤቱ የሚታመን መሆኑን በቁጥር ያሳያል። ኢንተርን ከዚህ ውስጥ አንድ ቁራጭ ይይዛል፦ አንድ መለኪያ ማስተካከል፣ ዳታ የሚያነብ ስክሪፕት መጻፍ ወይም የፍተሻ ጊዜ ማሳጠር።

ጊዜ ማሳጠር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዓመት 10 ሚሊዮን የሚመረት ቺፕ አለ እንበል። እያንዳንዱን አንድ ሰከንድ ብንፈትሽ፣ አንድ በአንድ ከሆነ፣ ቴስተሩ 2,778 ሰዓት ያህል ይሠራል። ወደ 116 ቀን ነው፣ ቀንና ሌሊት። ከአንዱ ሰከንድ ላይ አንድ አሥረኛውን የቀነሰ ኢንተርን 278 ሰዓት ያህል አተረፈ ማለት ነው። ብዙ ቺፕ ጎን ለጎን በአንዴ የሚፈተሸውም ለዚሁ ነው።

ቴስትን ከቬሪፊኬሽን ለዩ። ኢንተርቪው ላይ ይመጣል። ቬሪፊኬሽን «ዲዛይኑ ትክክል ነው ወይ?» ይላል። ቴስት ደግሞ «ይሄኛው ቺፕ እንደ ዲዛይኑ ተሠርቷል ወይ?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር አንዳንድ ቁጥሮችን ሲያካፍል ስህተት እንደሚሠራ ታወቀ። ድርጅቱ ለዚህ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ። የፋብሪካው ፍተሻ ያንን ስህተት ለመያዝ የተሠራ አልነበረም። ቺፖቹ ልክ በዲዛይኑ መሠረት ነበር የተሠሩት፤ የተሳሳተው ዲዛይኑ ነው። ይህን ምሳሌ በራሳችሁ አነጋገር ማስረዳት ከቻላችሁ ልዩነቱ ገብቷችኋል።

ማስታወቂያው የሚጠይቀውን እንዴት እናንብብ?

ቃላቱ ከድርጅት ድርጅት ይለያያሉ። ጥያቄዎቹ ግን ተቀራራቢ ናቸው። ኤሌክትሪካል፣ ኮምፒውተር ወይም ተቀራራቢ ኢንጂነሪንግ ተማሪ መሆን። ቢያንስ ሁለተኛ ዓመትን መጨረስ። ብዙ ቦታ ጂፒኤ ከ4 ላይ 3.0 እና ከዚያ በላይ። ከኢንተርንሺፑ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት የሚመለስ ተማሪ መሆን። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በግንቦት ከተመረቃችሁ፣ ለዚያው ክረምት ኢንተርን ሳይሆን ለቋሚ ሥራ ነው የምታመለክቱት።

ከኮርሶች ውስጥ ሰርኪዩት አንድና ሁለት፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ዲጂታል ሎጂክ፣ ሲግናልስና ፕሮባቢሊቲ ዋናዎቹ ናቸው። ፕሮባቢሊቲን «ለማለፍ ያህል» የሚወስድ ተማሪ ብዙ ነው። እዚህ ሥራ ላይ ግን አማካይና ስታንዳርድ ዴቪየሽን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየው) የዕለት እንጀራ ናቸው።

ፕሮግራሚንግ ላይ ሲ ፕላስ ፕላስና ፓይተን ይጠየቃሉ። ቴስተሮቹ የየራሳቸው ሶፍትዌር አላቸው። የቴራዳይኑ አይጂ-ኤክስኤል በኤክሴልና በቪዥዋል ቤዚክ ላይ የተገነባ ነው። የአድቫንቴስት ቪ93000 በድሮው ሶፍትዌሩ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ በአዲሱ ጃቫ ይጠቀማል። እነዚህን ቤት ተቀምጦ መማር አይቻልም። ማንም ከተማሪ አይጠብቀውም። ማስታወቂያው ላይ «ብታውቁ ይመረጣል» በሚለው ስር ካያችኋቸው አትደንግጡ፣ አመልክቱ። አንድ ቋንቋ በደንብ የያዘ ሰው ሌላውን በሥራው ላይ ይደርስበታል።

ጊዜውን አስቡበት። ኢንተርንሺፑ ብዙውን ጊዜ ከግንቦት ወይም ሰኔ ጀምሮ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። ቅጥሩ ግን የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ባለው ነሐሴና መስከረም ነው (ወሮቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቧቸው)። ጥር ላይ ሲቪ ማዘጋጀት የጀመረ ተማሪ ብዙ በር ተዘግቶ ያገኛል። የትምህርት ቤታችሁ የሥራ ትርዒት መቼ እንደሆነ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት እወቁ።

ቺፕ ሠሪ ድርጅቶች ያሉበትን ቦታ በተመለከተ፦ ዳላስ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ከተማ ነው። ጃክ ኪልቢ እ.ኤ.አ. በ1958 የመጀመሪያውን ኢንተግሬትድ ሰርኪዩት (ቺፕ) ያሳየው እዚያ ነው፤ በ2000 ኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ኦስተን ውስጥ ኤንኤክስፒ አለ። ቻንድለር፣ አሪዞና ውስጥ ማይክሮቺፕና ኢንቴል አሉ። ቦይዚ፣ አይዳሆ ማይክሮን አለ። ዊልሚንግተን፣ ማሳቹሴትስ አናሎግ ዲቫይስስ አለ። ዳላስ ዙሪያ፣ ጋርላንድና ሪቻርድሰን፣ ብዙ ሐበሻ ይኖራል። ለሦስት ወር ቤት መከራየት ከባድ ስለሆነ እዚያ ዘመድ ያለው ተማሪ ይህን እንደ ዕድል ይቁጠረው። አክስትን ከወዲሁ መጠየቅ ነው።

ወረቀቱ

እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ስለሚጨነቅ ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ።

ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ በዲቪም ሆነ በቤተሰብ የመጣችሁ፣ የተለየ ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። ጥገኝነት የተሰጣችሁና በስደተኝነት የገባችሁም መሥራት ትችላላችሁ።

ኤፍ-ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ላላችሁ መንገዱ ሲፒቲ ነው፤ ተማሪ ሳላችሁ ከትምህርታችሁ ጋር የተያያዘ ሥራ እንድትሠሩ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። በመደበኛው ደንብ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መማር አለባችሁ። ሥራው ከትምህርታችሁ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ስለዚህ ብዙ ትምህርት ቤቶች የኢንተርንሺፕ ኮርስ እንድትመዘገቡ ያደርጋሉ። ፈቃዱን የሚሰጠው የትምህርት ቤታችሁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ነው። አይ-20 ወረቀታችሁ ላይ የድርጅቱን ስም፣ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ይጽፋል። ከዚያ ቀን በፊት አንዲት ሰዓት እንኳ አትሥሩ። «ለትውውቅ ብቻ ና» ቢሏችሁም፣ ቀኑ እስኪደርስ ጠብቁ። በሙሉ ሰዓት ሲፒቲ 12 ወር ከሞላችሁ በዚያው የትምህርት ደረጃ ኦፒቲ (በአብዛኛው ከምርቃት በኋላ የሚሠራበትን ፈቃድ) ታጣላችሁ። አንድ ክረምት ከዚያ በጣም ያነሰ ነውና አያሰጋም። ቢሮው ግን ሰልፍ አለበት። ድርጅቱ የቅጥር ደብዳቤ እንደሰጣችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ።

ማመልከቻው ላይ «አሁን ወይም ወደፊት የቪዛ ስፖንሰር ያስፈልግሃል ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። ኤፍ-ዋን ላይ ያለና ተመርቆ እዚሁ መሥራት የሚፈልግ ሰው መልሱ «አዎ» ነው። ግሪን ካርድ ያለው «አይ» ይላል። ትክክለኛውን ጻፉ። ያልሆነ ነገር ጽፎ ገብቶ ኋላ መውጣት ከሁሉ የከፋ ነው።

ሌላ ግር የሚያሰኝ ቃል አለ፦ «ዩኤስ ፐርሰን»። አንዳንድ ቺፖችና መሣሪያዎች በኤክስፖርት ቁጥጥር ሕግ ስር ስለሆኑ ይጠየቃል። ብዙዎች «ዜጋ ማለት ነው» ብለው ይተዉታል። አይደለም። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት የገባና ጥገኝነት የተፈቀደለት ሁሉ ይካተታሉ። የጥገኝነት ውሳኔ እየጠበቀ የሥራ ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው ግን በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም። መሥራት ይችላል፣ ይህ ዓይነቱ ማስታወቂያ ግን እሱን አይመለከትም። ሌሎች ብዙ ማስታወቂያዎች ይህን አይጠይቁምና እዚያ ያመልክት።

እጃችሁን አፍታቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ቴስተር ቤት አይገኝም። የቴስት አስተሳሰብን ግን በርካሽ ቺፕ መለማመድ ይቻላል። 74ኤችሲ00 የሚባል ቺፕ 20 ያህል ግዙ። 14 እግር አለው፤ ውስጡ አራት የናንድ ጌቶች አሉ (ሁለቱም ግቤቶቹ ከፍ ሲሉ ብቻ ውጤቱ ዝቅ የሚል ጌት ነው)። አንድ አርዱይኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጻፍበት ትንሽ ቦርድ)፣ መልቲሜትር፣ ብሬድቦርድ፣ ቮልቴጁ የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይና ጥቂት ረዚስተሮች ይበቃሉ። ፓወር ሰፕላይ ከሌላችሁ የትምህርት ቤት ላብ ተጠቀሙ። ዳታሺቱን አውርዳችሁ አትሙት፤ በእስክሪብቶ አስምሩበት።

የመጀመሪያው ፍተሻ ግንኙነት ነው። ፋብሪካም ውስጥ የሚቀድመው እሱ ነው። ቺፑ ከኃይል ሳይገናኝ መልቲሜትሩን የዳዮድ ምልክት ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ የግራውንድ እግር ላይ፣ ማለትም 7ኛው ላይ አሳርፉ። ጥቁሩን አንዱ የግቤት እግር ላይ። 0.6 ቮልት ገደማ ታያላችሁ። እያንዳንዱ እግር ከስታቲክ የሚጠብቀው ዳዮድ ውስጡ ስላለ ነው። ዜሮ ካነበበ እግሩ ከግራውንድ ጋር ተነካክቷል። ምንም ካላነበበ መስመሩ ተቋርጧል፣ ወይም ጫፉ በደንብ አልነካም። ትልቁ ቴስተርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ እንደ 100 ማይክሮአምፕ ያለች ትንሽ ከረንት ይስብና ቮልቴጁን ያያል። ይህ ፍተሻ የሚቀድመው ቺፑ በትክክል ካልተነካ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ሁሉ ከንቱ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ሎጂኩ ነው። አራት ጌት፣ ለእያንዳንዱ አራት የግቤት ዓይነት። አርዱይኖው ግቤቶቹን ይስጥ፣ ውጤቱን ያንብብ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አራቱንም ጌቶች በአንድ ላይ በተመሳሳይ ግቤት ይነዳል። ፈጣን ነው፣ ግን ጉድለት አለበት። ሁለት ጌቶች ውስጥ ያሉ አቻ እግሮች እርስ በርስ ቢነካኩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሚነዱ ፕሮግራማችሁ አያየውም። ጎረቤቶቹን በተለያየ ግቤት ንዱ። ይህን ምክንያት ማስረዳት የሚችል ተማሪ ኢንተርቪው ላይ ከጠያቂው ጋር በአንድ ቋንቋ ነው የሚያወራው።

ሦስተኛው የውጤት ቮልቴጅ ነው። የዚህ ቺፕ ዳታሺት እንደሚለው በ4.5 ቮልት ኃይል፣ 4 ሚሊአምፕ ሲሰጥ፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ያለው (ሎጂክ 1) ውጤት ቢያንስ 3.98 ቮልት መሆን አለበት። ፓወር ሰፕላዩን 4.5 ላይ አድርጉ። ከውጤቱ እግር ወደ ግራውንድ 1 ኪሎኦም ረዚስተር አገናኙ፤ ከ4 ሚሊአምፕ ትንሽ ከፍ ያለ ይስባል። ጌቱ ከፍ እንዲል ግቤቶቹን በሽቦ ከግራውንድ ጋር አያይዙ። በዚህ ፍተሻ ጊዜ ግቤቶቹን ከአርዱይኖው ንቀሉ። እሱ 5 ቮልት ይሰጣል፣ ቺፑ ያለው 4.5 ላይ ነው። ትርፉ ቮልቴጅ በመከላከያው ዳዮድ በኩል ሊገባና ቁጥራችሁን ሊያበላሽ ይችላል።

ውጤቱን በአርዱይኖው ካነበባችሁ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ አለ። አርዱይኖው 5 ቮልትን በ1,024 ይከፍላል፤ አንዱ ደረጃ 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ያ «5 ቮልት» የሚመጣው ደግሞ ከኮምፒውተራችሁ ዩኤስቢ ነው። 4.9 ሊሆን ይችላል፣ 5.1ም ሊሆን ይችላል። በመልቲሜትር ለክታችሁ ትክክለኛውን ኮዱ ውስጥ አስገቡት። ካልሆነ ጤነኛ ቺፕ ታማሚ ይመስላችኋል።

አራተኛው ከሁሉ የምወደው ነው። አንዱን ቺፕ ሳትነኩት 30 ጊዜ ለኩ። ከዚያ እየነቀላችሁ፣ እየሰካችሁ ሌላ 30 ጊዜ ለኩ። የሁለቱን ስታንዳርድ ዴቪየሽን አወዳድሩ። ሁለተኛው ከሰፋ፣ የተለዋወጠው ቺፑ አይደለም፤ ቺፑማ ያው ነው። የተለወጠው የብሬድቦርዱ ንክኪ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ይህን ጥናት ጌጅ አር ኤንድ አር ይሉታል። እናንተ በትንሹ ሠራችሁት።

ከዚያ 20ዎቹን ሁሉ ለኩ። ቁጥሮቹን በሲኤስቪ ፋይል አስቀምጡ። በፓይተን ሂስቶግራም ሳሉ፤ ሊሚቱን፣ ማለትም የማለፊያውን ገደብ 3.98፣ በቀይ መስመር አስገቡበት። ሲፒኬ የሚባለውን፣ ቁጥሮቹ ከሊሚቱ ምን ያህል በደኅና እንደሚርቁ የሚያሳየውን መለኪያ አስሉ። ለምሳሌ አማካዩ 4.30፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ 0.02 ቢሆን፣ ከ3.98 ያለው ርቀት 0.32 ነው። ይህን በስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ሦስት እጥፍ፣ በ0.06 ስታካፍሉ 5.3 ይሆናል። ኢንዱስትሪው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ቢያንስ 1.33 ነውና በጣም ጥሩ ነው። ግን አፍ ሞልቶ ለመናገር አትቸኩሉ። ከአንድ ከረጢት የወጡ 20 ቺፖች የአንድ ዙር ምርት ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ራሳችሁ ሪፖርቱ ላይ ጻፉት።

በመጨረሻ ፕሮግራማችሁን ፈትኑት። የአንዱን ቺፕ አንድ እግር ወደ ላይ አጥፉና ሳይነካ ስኩት። ያዘው? የቱ ፍተሻ ላይ ያዘው? ወድቆ የማያውቅ ፍተሻ መሥራቱን ማንም አያውቅም።

ሲቪው

አንድ ገጽ። ፎቶ፣ ዕድሜና የጋብቻ ሁኔታ አይገባም። ፕሮጀክቱን «አርዱይኖ ተጠቅሜ ቺፕ ፈትሻለሁ» ብላችሁ አታበላሹት። እንዲህ ጻፉት፦ «ለ74ኤችሲ00 የፍተሻ ዕቅድና ፕሮግራም ሠራሁ፤ ግንኙነት፣ ሎጂክና የውጤት ቮልቴጅ በ20 ቺፖች ላይ ለካሁ፤ የንክኪን ተጽዕኖ ከቺፑ ልዩነት ለየሁ።» ከሥሩ የኮዱን አድራሻ አስቀምጡ። የተጠቀማችሁባቸውን መሣሪያዎች በስም ዘርዝሩ፦ ኦሲሎስኮፕ፣ መልቲሜትር፣ ፋንክሽን ጄኔሬተር። ያልነካችሁትን አትጻፉ። የጻፋችሁትን ሁሉ ይጠይቋችኋል።

ማታ በነዳጅ ማደያ ወይም በፓርኪንግ የምትሠሩ ከሆነ ይህንንም በአንድ መስመር ጻፉት። እየሠራ ጂፒኤውን የጠበቀ ተማሪ ምን ያህል እንደሚለፋ የሚያነበው ሰው ይረዳል።

ኢንተርቪው

መሠረታዊ ጥያቄዎች ይኖራሉ፦ ቮልቴጅ ዲቫይደር፣ የረዚስተርና የካፓሲተር ታይም ኮንስታንት፣ ዳዮድ፣ ኦፕአምፕ። እነዚህን በወረቀት ላይ እየሳላችሁ ተለማመዱ። ከዚያ የሚመጣው ክፍት ጥያቄ ነው። ለምሳሌ፦ «3.3 ቮልት የሚሰጥ ኤልዲኦ ቢሰጣችሁ እንዴት ትፈትሹታላችሁ?» ኤልዲኦ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ተቀብሎ ዝቅ ያለና የረጋ ቮልቴጅ የሚሰጥ ቺፕ ነው።

መልሱ የፍተሻ ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉና ምክንያቱ ነው። መጀመሪያ ግንኙነት። ቀጥሎ ያለ ጭነት የሚስበው ከረንት። ከዚያ የውጤት ቮልቴጁ፣ ያለ ጭነትና ከጭነት ጋር። ከዚያ ግቤቱ ሲለዋወጥ ውጤቱ ይረጋ እንደሆነ። ግቤቱ ወደ ውጤቱ ሲጠጋ ደግሞ እስከ ስንት ድረስ እንደሚሠራ። የከረንት ገደቡን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ያ ፍተሻ ቺፑን ያሞቀዋል፤ የሞቀ ቺፕ ላይ የተለካ ቁጥር ደግሞ ይዛባል።

እዚህ ላይ ጠያቂው መጠበቁ የማይቀር ነጥብ አለ። ቺፑ 500 ሚሊአምፕ ይስጥ እንበል። የሶኬቱ ንክኪ 0.1 ኦም ቢኖረው፣ እዚያ ላይ 50 ሚሊቮልት ይጠፋል። ዳታሺቱ የሚፈቅደው ልዩነት 1 በመቶ ከሆነ፣ የ3.3 ቮልት 1 በመቶ 33 ሚሊቮልት ነው። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ ቺፕ ይወድቃል። መፍትሔው ከረንቱን በአንድ መስመር መሳብ፣ ቮልቴጁን ግን ከረንት በማያልፍበት ሌላ መስመር ከቺፑ እግር ላይ ማንበብ ነው። ኬልቪን ይሉታል። ይህን ስሌት ነጭ ሰሌዳ ላይ ተረጋግቶ የሠራ ተማሪ ስለ ጂፒኤው ብዙም አይጠየቅም።

ስለ ሊሚትም ሊጠይቁ ይችላሉ። መለኪያችሁ በ5 ሚሊቮልት ሊሳሳት የሚችል ከሆነ 33ን እንዳለ ሊሚት አታደርጉትም፤ 28 ታደርጉታላችሁ። መጥፎ ቺፕ ለደንበኛ እንዳያልፍ ነው። ዋጋው ደግሞ ጥቂት ጥሩ ቺፖች አብረው መጣላቸው ነው። የመለኪያው ጥራት ገንዘብ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አስተዳደጋችን ራስን ማወደስ አያስተምርም። የቡድን ሥራ ስንናገር «እንዲህ አደረግን» እንላለን። መልካም ጠባይ ነው። ጠያቂው ግን የእናንተን ድርሻ ማወቅ አለበት። «ቡድኑ ሦስት ነበርን፤ ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» በሉ። ይህ ጉራ አይደለም፣ መረጃ ነው። የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ዝም አትበሉ። «ይህን አላውቅም፤ ግን ለማወቅ መጀመሪያ ይህን እለካለሁ» በሉ። ጠያቂውን ዓይን ዓይኑን ብታዩት ደስ ይለዋል፤ አንገት መድፋት እዚህ አገር እንደ አክብሮት አይቆጠርም።

አገር ቤት ላላችሁ

አምስት ኪሎ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር ወይም ጅማ የምትማሩ ልጆች፣ ከላይ ያለው የአሜሪካ ኢንተርንሺፕ በአብዛኛው እዚያው የተመዘገበ ተማሪ ይጠይቃል። ለእናንተ የሚሆነው መንገድ ብዙ ጊዜ ማስተርስ ነው። ያም ሆኖ የ74ኤችሲ00ውን ፕሮጀክት ዛሬ መጀመር ትችላላችሁ። ከተበላሸ ቦርድ ላይ የተነቀለ ሎጂክ ቺፕም ያገለግላል፤ እንዲያውም የሞተ ሊኖርበት ስለሚችል ፍተሻው እውነተኛ ይሆናል። ለትምህርት ስታመለክቱ ይህን ሥራ የዓላማ ደብዳቤያችሁ ውስጥ አስገቡት።

ሥራው ከተገኘ በኋላ

የመጀመሪያው ሳምንት በወረቀትና በሥልጠና ያልቃል። ላብ ስትገቡ የእጅ ማሰሪያውን አድርጉ፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለ የማይታወቅ ስታቲክ ቺፕ ይገድላል። ማናጀራችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የቺፑን ዳታሺት፣ አሁን ያለውን የፍተሻ ዕቅድ፣ እና በክረምቱ መጨረሻ «ተሳክቷል» የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ። የመጨረሻውን በጽሑፍ አድርጉት። አንድ ችግር ላይ ግማሽ ቀን ከተቀረቀራችሁ ተነሡና ጠይቁ፤ እስካሁን የሞከራችሁትን ይዛችሁ። ከላብ ቴክኒሺያኖቹ ጋር ተግባቡ። የትኛው ሶኬት እንደሚያስቸግር ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሁለት ሳምንት ሲቀር ኮዳችሁን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ አስነስታችሁ እዩ። እናንተ በሌላችሁበት ካልሠራ ሥራው አላለቀም። በመጨረሻው ገለጻ ላይ ከማሻሻያው በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን አሳዩ፤ መለኪያው ምን ያህል እንደሚታመንም ጨምሩ። የድርጅቱን ዳታ፣ ኮድና ፎቶ ይዛችሁ አትውጡ። ሲቪ ላይ ስለ ሥራው የምትጽፉትን መስመር ማናጀራችሁ ያንብብላችሁና ይፍቀድ። ለሚቀጥለው ዓመት መመለስ ወይም ቋሚ ሥራ ከፈለጋችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በቀጥታ ንገሩት።